ያልመጣው ሰው

ልጆች፣ ያን ቀን ደሴ ፒያሳ ቡና ስንጠጣ «የብሔር ጦርነት በድርድር እንዴት ነው የሚያልቀው?» ብላችሁኝ አድበስብሼ አለፍኳችሁ። ሠላሳ ዓመት ጥብቅና የሠራ ሰው አጭር መልስ አይሆንለትም። አሁን ልሞክር።

መጀመሪያ ቡሩንዲን አንብቡ። ሩዋንዳን ሁሉም ያውቃል፣ ጎረቤቷን ግን ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ጥቅምት 1986 ዓ.ም. ሕዝብ የመረጣቸው ሁቱው ፕሬዚዳንት መልኪዮር ንዳዳዬ በቱትሲ ወታደሮች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ በመጣው ጦርነት ወደ 300 ሺህ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ እዚያው አገራቸው አሩሻ ላይ ማደራደር ያዙ፣ ሳይጨርሱት አረፉ፣ ማንዴላ ተረከቧቸው። ነሐሴ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ስምምነቱ ተፈረመ፣ ቢል ክሊንተን እንኳ ተገኝተው ነበር፤ ከ19ኙ ወገኖች ያን ቀን ያልፈረሙት ትንሽ ቆይተው ፈረሙ። ወረቀቱም ቢሆን የዋዛ አልነበረም። ከሠራዊቱ አንዱ ብሔር ከግማሽ በላይ እንዳይዝ ይላል። ሁቱው የሚፈራው ያንን ጦር ነው፣ ቱትሲው ደግሞ ጦሩ ከእጁ ከወጣ እልቂት ይመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ የሁለቱን ፍርሃት በአንድ አንቀጽ የያዘ ሰው ሥራውን ያውቃል።

ተኩሱ ግን ቀጠለ። ዋነኞቹ የሁቱ ታጣቂዎች፣ ኤፍዲዲና ኤፍኤንኤል የሚባሉት፣ አልፈረሙማ!

ይቺን ጥፋት እኔም ሠርቻታለሁ። ገና ጀማሪ ሳለሁ ወረባቦ አካባቢ የደም ጉዳይ ገጠመኝ። ሁለቱን ቤተሰብ አስቀምጬ፣ የካሳውን ልክ ጽፌ፣ አስፈርሜ፣ ኮራ ብዬ ተመለስኩ። የሟች ታናሽ ወንድም አልመጣም ነበር። «ልጅ ነው፣ ይለምዳል» አልኩ። ሁለት ወር ሳይሞላ በሌሊት የገዳይን ቤት ተኩሶበት አንዲት ላም ገደለ፤ ሰው አለመሞቱ የአላህ ሥራ ነው።

ከዚያ አባጋሩ፣ ማለትም ደም የሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌ፣ ገቡበት። ወረቀቴን አላዩትም። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው የልጁ ደጃፍ ሄደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እናቱ ቡና አፈላች። አልጠጡም። ስኒው እፊታቸው ቀዘቀዘ፣ ዝንብ ወረረው። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ራሱ ጀበናውን ይዞ ወጣ።

ቡሩንዲም ላይ የሆነው ይኸው ነው፣ ጊዜው ነው የረዘመው። ኤፍዲዲን በደቡብ አፍሪካው ጃኮብ ዙማ አደራዳሪነት ለማስፈረም እስከ 1996 ዓ.ም. ፈጀ፣ ኤፍኤንኤል 1998 መጨረሻ ላይ ፈረመ፣ እሱም ቢሆን ወዲያው አላረፈም። በመሀሉ የአፍሪካ ኅብረት ጦር ሲልክ ከደቡብ አፍሪካና ከሞዛምቢክ ጋር የኛም ወታደሮች ዘምተዋል፤ ይኼን ብዙ ሰው ረስቶታል።

የኛንስ? እዚህ ደሴ ያሳለፍነውን አልነግራችሁም፣ አብረን ነበርን። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የፌዴራል መንግሥቱና የሕወሓት ፖለቲከኞች ፈረሙ። በአሥረኛው ቀን ናይሮቢ ላይ የጦር አዛዦቹ፣ ከመንግሥት ብርሃኑ ጁላ፣ ከትግራይ ታደሰ ወረደ፣ ተቀመጡ። እኔ ይኼን ብልህነት እለዋለሁ፤ ጠመንጃ የያዘው ራሱ እንዲፈርም ተደርጓል። ኤርትራ ግን ፕሪቶሪያም ናይሮቢም አልፈረመችም። ቤቱ የተዘረፈበት የወሎ ሰውም ወንበር አላገኘም። የቱ መቅረት ይብሳል? እኔ የራሴ ሐሳብ አለኝ፣ እናንተ ግን መጀመሪያ ሁለቱንም ሰነድ አንብባችሁ ኑና እንከራከር። አብሽሩ፣ ቡናው በኔ ነው።