ፉድ ስታምፑ ወር አይደርስልኝም

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። በዲቪ ከመጣን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ባለቤቴ ፓርኪንግ ይሠራል። እኔ የ3 ዓመት ልጄን የሚይዝልኝ ስለሌለ ቤት ነኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው።

ፉድ ስታምፕ፣ ማለትም የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ፣ የተፈቀደው ለልጆቹ ብቻ ነው። እኔና አባታቸው ግሪን ካርድ ከያዝን 5 ዓመት ስላልሞላን አንቆጠርም። በወር 260 ዶላር በካርድ ይገባል። እንጀራ ብቻ በሳምንት 40 ዶላር ይፈጃል። ሥጋ፣ ጁስና ሲሪያል ሲጨመርበት በሦስተኛው ሳምንት ካርዱ ባዶ ነው። ከዚያ ምግብ በነፃ ከሚታደልበት ከፉድ ባንክ ያመጣሁትን ቆርቆሮ ደርድሬ አየዋለሁ። ሽምብራ፣ ቱና፣ የኦቾሎኒ ቅቤ... ምን እንደማደርገው ግራ ይገባኛል። ልጆቹ ኑድል በልተው ይተኛሉ። ባለቤቴን ደግሞ ሐኪም «ስኳር ሊጀምርህ ነው» ብሎታል።

ሌላው፣ ሐበሻ ሱቅ ተሰልፌ የማውቀው ሰው ከመጣ ዕቃውን መልሼ እወጣለሁ። ባለቤቴም «ዜግነት ያስከለክለናል» እያለ ይሰጋል። በዚህ ገንዘብ ደህና መብላት ይቻላል? ወይስ ዝም ብዬ ነው የምለፋው?

የሁለት ልጆች እናት

*

እህቴ፣

ገንዘቡ አንሶሽ ነው እንጂ አያያዝ አጥተሽ አይደለም። የሁለት ልጆች ድጎማ ለአራት ሰው እያካፈልሽ ነው። ሒሳቡ ሲሠራም ቤተሰቡ ከኪሱ ይጨምራል ተብሎ ነው። ስለዚህ ወር ባይደርስልሽ በራስሽ አትፍረጂ።

ግን ከደብዳቤሽ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። በሳምንት 40 ማለት በወር ቢያንስ 160 ነው። ከ260ው 160ው እንጀራ! ወጡ ገና አልተሠራም እኮ።

እንጀራ ተዪ አልልሽም፤ እኔም አልተውም። ቤት ጋግሪ። ካርዱ የጤፍ ዱቄት ይገዛል። ንጹሕ ጤፍ ከከበደሽ እዚህ አገር ብዙ እናቶች እንደሚያደርጉት ቀላቅዪ። ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለው በራሱ የሚነሣ የስንዴ ዱቄት ይረክሳል፤ ለባለቤትሽ ስኳር ሲባል ግን ገብስና ማሽላ ይሻላሉ። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሌለሽ ክዳን ያለው የማይዝ መጥበሻ ይበቃል። እንጀራው ያንሳል እንጂ ዓይን ያወጣል። ደግሞ ሦስቴ ካልተበላ አይባልም። ለእራት ይሁን። ጠዋት የአጃ ገንፎ ወይም ቅንጬ፣ ምሳ ሩዝ ወይም ድንች በቂ ነው።

ካርዱ በገባ ሰሞን መጀመሪያ የማይበላሸውን ግዢ፤ ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት። ኢቢቲ (የፉድ ስታምፑን ካርድ) የሚቀበል የሕንድ ሱቅ ካገኘሽ ምስርና ክኩን በትልቁ ከረጢት ከዚያ ውሰጂ። እርድም እዚያው አለ። ይሄ የጾም ምግባችን ነው፤ ሐኪሙም ለባለቤትሽ ከዚህ የተለየ ብዙ የሚያዝለት አይመስለኝም። ሥጋውን ቀንሺ፤ እንቁላልና የዶሮ ቅልጥም ቦታውን ይሸፍናሉ። ፍሪዘር ውስጥ የሚሸጠው የተከተፈ ጎመን አይበላሽም፣ ማጠብም አያስፈልገውም። ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፤ ብረቱ ለሰውነት በደንብ እንዲደርስ ያግዛል። ሻይና ቡናው ከምግቡ ጋር አይሁን፣ ትንሽ ይቆይ። እናንተ ስትጾሙ ደግሞ ትንሹ ወተትና እንቁላሉ አይቋረጥበት።

በጁሱ ግን አልደራደርም። ይውጣ። ለባለቤትሽ ስኳር ነው፣ ለልጆቹም የጥርስ ጠንቅ ነው። ብርቱካኑን ልጠው ይብሉ።

ቆርቆሮውን አትፍሪው። የሽምብራውን ውኃ ድፊና በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው፤ ጨዉ በጣም ይቀንሳል። ሽንኩርት በዘይት አቁላዪ፣ በርበሬና የቆርቆሮ ቲማቲም ጨምሪ። ሽምብራውን ስትከቺ ግማሹን በማንኪያ ጀርባ ደፍጥጪው፣ መረቁን ያወፍርልሻል። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ቱናውን በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ለውሰሽ ከሩዝ ጋር አቅርቢው። የኦቾሎኒ ቅቤው የልጆቹ የጠዋት አጃ ውስጥ ይግባ። ኑድሉም ቢሆን የቅመሙን ከረጢት ግማሹን ብቻ አድርጊና እንቁላልና ጥቅል ጎመን ጨምሪበት፤ ያኔ ምግብ ይሆናል።

አሁን ወደተውሽው ገንዘብ እንምጣ። ስለ ዊክ፣ ለእናቶችና ለሕፃናት ስለሚሰጠው የምግብ ድጎማ፣ አንድ ቃል አልጻፍሽም። የ3 ዓመት ልጅ እያለሽ! ዊክ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ነው። የኢሚግሬሽን ወረቀት አይጠይቅም። ፉድ ስታምፕ የሚወስድ ልጅ ደግሞ በገቢ በኩል እንዳለፈ ይቆጠርለታል። ወተት፣ እንቁላል፣ ባቄላና ምስር፣ የአትክልትና ፍራፍሬ ገንዘብም አለው። ለትንሹ ከካርዱ ከምታወጪው ከፊሉን ይችልልሻል። ትልቋም ፉድ ስታምፕ ስላላት፣ ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ በነፃ ይገባታል። ትምህርት ቤቱን ጠይቂ፣ ከፍለሽ እንዳይሆን። ሜሪላንድ ውስጥ ለተማሪ ልጅ በየክረምቱ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ 120 ዶላር በተጨማሪ ይሰጣል፤ ሰን ባክስ ይባላል። ፉድ ስታምፕ ላይ ላሉ ተማሪዎች ያለ ማመልከቻ ነው የሚመጣው።

ታኮማ ፓርክ ያለው ክሮስሮድስ የገበሬዎች ገበያም ሩቅሽ አይደለም። እዚያ ድንኳኑ ጋ ካርድሽን ታስነኪያለሽ፣ ከካርድሽ ባወጣሽው ላይ እስከተወሰነ መጠን ጭማሪ ይሰጡሻል። ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ቲማቲሙንና ጎመኑን በወቅቱ ከዚያ ግዢ።

ስለ ባለቤትሽ ስጋት፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲጠይቅ ፉድ ስታምፕ መውሰዱ በራሱ አያስከለክለውም። የሚያስከለክለው ውሸት ነው። ገቢያችሁንና የቤተሰባችሁን ቁጥር በትክክል ሞልታችሁ ከሆነ ይተኛ። ካላመነኝ ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡ አሉ፣ ይጠይቅ።

ሰልፉ ላይ ስለሚሰማሽ ነገር ብዙ አልልም። ከፊትሽ ያለችው ሴትዮም ምን ካርድ እንደያዘች አታውቂም። ከከበደሽ ራስሽ የምታስነኪበት ማሽን ያለው ትልቅ ሱቅ ሂጂ፤ እዚያ ማንም አያይሽም። ግን ያነሣሽውን ዕቃ መልሰሽ አትውጪ። የልጆችሽ እራት ነው።

ለዊክ ቢሮ ሰኞ ጠዋት ደውዪ። «አማርኛ» ካልሽ አስተርጓሚ ያገናኙሻል፣ በነፃ ነው። ለቀጠሮሽ መታወቂያሽን፣ አድራሻሽ ያለበት ደብዳቤና የፉድ ስታምፑን ማስታወቂያ ወረቀት ያዢ። ልጁንም ይዘሽ ሂጂ፤ ቁመትና ክብደቱን ይለኩታል።