አማርኛውን አታቁሚበት፤ ምርመራውን ግን አታዘግዪ

እህቴ፣ ልጅሽ ሦስት ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል አያይዞ መናገር እንዳልጀመረ ጽፈሻል። የዴይኬሯ አስተማሪ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሩት» ስላለችሽም አማርኛውን ላቁም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይዞሽ፣ አታቁሚ። እዚሁ ሜሪላንድ ለእኛም በሴት ልጃችን ይኸው ምክር ተሰጥቶን ነበር።

ሁለት ቋንቋ መስማት የቋንቋ እክል፣ ማለትም ቋንቋ ለመማርና ለመጠቀም የመቸገር ችግር፣ አያመጣም። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ጆአን ፓራዲስና ባልደረቦቿ በ2003 ባወጡት ጥናት፣ እክሉ ያለባቸው ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች እክሉ ካለባቸው የአንድ ቋንቋ ልጆች የባሰ የሰዋስው ችግር አልታየባቸውም።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን የኛው ሰው ምክር ነው። «ሁለት ቋንቋ ስለሆነበት ነው፣ አፉን ሲፈታ ማን ያስቆመዋል!» ይሉሻል። እርግጥ ዘግይቶ ጀምሮ የሚደርስ ልጅ ብዙ ነው። የማይደርስም አለ። እንግሊዝ አገር ሰሪ (Surrey) በሚባል አካባቢ ተጠንቶ በ2016 የወጣ ውጤት፣ ሌላ የታወቀ ምክንያት የሌለው የቋንቋ እክል ከ100 ልጆች በ7ቱ ገደማ እንዳለ አሳይቷል። ሠላሳ ልጅ ካለበት ክፍል ሁለቱ ማለት ነው።

ልጃችን መጀመሪያ የተገመገመችው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። «ቋንቋውን ገና እየለመደች ነው» ተባልን። እኛ ግን ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ እንሰማታለን። አራት ዓመት አልፏትም «እማዬ መጣ»፣ «እኔ በላ» ትል ነበር። በዓመት የምታንሳት የእህቴ ልጅ «መጣች»፣ «በላሁ» ትላለች። ችግሩ በእንግሊዝኛው ብቻ ቢሆን ኖሮ አለመልመድ ነው ያስብላል፤ አፏን በፈታችበት ቋንቋም ሲታይ ግን ሌላ ነገር ነው። በአስተርጓሚ እንደገና ስትገመገም እክሉ ታወቀ፣ ስፒች ቴራፒም (የንግግር ሕክምና) ጀመረች። ዛሬ በሁለቱም ታወራለች፤ ረዘም ያለ ታሪክ ስትናገር ግን አሁንም ቃል ያጥራታል።

በቅድሚያ ጆሮውን አስመርምሪው። ቃላቱን ስትቆጥሪ የሁለቱንም ቋንቋ ደምሪ። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ግምገማው በትምህርት ዲስትሪክቱ በኩል በነጻ ነው፤ ሕጉም በተቻለ መጠን ልጁ በሚናገረው ቋንቋ እንዲሆን ያዛል። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢ፣ ቀኑን ጻፊበት፣ ኮፒውን ያዢ። ቤት ውስጥ ሲያወራም በቪዲዮ ቅረጪው። አስተርጓሚውን ደግሞ የልጁን አነጋገር እያቃና እንዳይተረጉም አስቀድመሽ ንገሪው፤ ቴራፒስቷ መስማት ያለባት ልክ እሱ እንዳለው ነው።