የሚቆጥር ሳጥንና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

በዚህ ሳምንት የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ሳያጓድሉ ስለመውሰድ ናቸው።

«በስንት ሰዓት ብወስድ ይሻላል?»

ሁልጊዜ በሚመችህ ሰዓት። ብቻ አትቀያይረው።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። አይረን ታዞልኛል። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቴ ጋር አብሬ ልዋጠው?»

መድኃኒትሽ ዶሉቴግራቪር ያለበት ከሆነ በባዶ ሆድ አብረሽ አትውሰጂው። አይረኑ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል። ወይ ሁለቱንም ከምግብ ጋር ውሰጂ፤ ወይ የኤች አይ ቪውን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድመሽ፣ አለበለዚያም 6 ሰዓት ዘግይተሽ። ለአዋላጇም የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚሰጥሽ ለኤአርቲ ክፍሉም ሁለቱን እንደምትወስጂ ንገሪ።

አንዲት እናት ረዘም አድርጋ ጽፋልኛለች። ልጇ ከቫይረሱ ጋር ነው የተወለደችው። አሁን 19 ዓመቷ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሏል፤ ልጅቷ ግን «ወስጃለሁ» ነው የምትለው። አሜሪካ ያለች አክስቷ መከፈቱን የሚመዘግብ የመድኃኒት ሳጥን ልላክ ብላለች። «ውሸቷን ያወጣልኝ ይሆን?»

እህቴ፣ ለዚህ ከሆነ አታስልኪው። ሳጥኑ የተከፈተበትን ቀንና ሰዓት ይመዘግባል፤ አንዳንዱም በሞባይል ኔትወርክ ወዲያው ያስተላልፋል። መዋጧን ግን አያይም። ካልፈለገች ከፍታ ትዘጋዋለች።

ቻይና ውስጥ ናኒንግ ላይ የተሠራ፣ በ2015 የታተመ ጥናት አለ። ሳጥኑ ለሁሉም ታካሚዎች ተሰጠ። ለግማሾቹ ግን ሰዓቱ ሲያልፍባቸው ስልካቸው ላይ ማስታወሻ ይገባል፤ ስለ ኤች አይ ቪ አንድም ቃል የለበትም። ያጓደለ ደግሞ ወር ሲሞላ መዝገቡን ከባለሙያ ጋር ቁጭ ብሎ ያያል። በመጨረሻው ወር ማስታወሻው ከሚደርሳቸው 87 በመቶዎቹ መድኃኒታቸውን ሳያዛንፉ በሰዓቱ ወሰዱ። ሳጥኑ ብቻ ከተሰጣቸው 52 በመቶዎቹ ናቸው። ልብ በይ፣ ሳጥኑ ሁለቱም ጋ ነበር። ለውጡን ያመጣው ማስታወሻውና የሚያነጋግር ሰው መኖሩ ነው። ኬንያ ውስጥማ ያለ ሳጥንም ሠርቷል። በ2010 የወጣው ጥናት ላይ ክሊኒኩ በሳምንት አንዴ በስልክ መልእክት «ማምቦ?» ብሎ ይልካል። እንዴት ነው እንደማለት ነው። ችግር አለ ያለውንና ያልመለሰውን ነርሷ ትደውልለታለች።

ደግሞ ዶርሙን አስቢው። ኪኒኑ እንዳይንኳኳ ብልቃጡ ውስጥ ጥጥ የሚጠቀጥቁ ልጆች አውቃለሁ። መብራት የሚያበራ ሳጥን አልጋዋ ላይ ቢቀመጥ የክፍሏ ልጆች ምን ይሏታል? ምናልባት የሚያስዘልላት ይኸው ፍርሃት ነው። «ለምን አልወሰድሽም?» ከማለትሽ በፊት «የት ታስቀምጪዋለሽ?» በያት።

ኤአርቲ ክሊኒክ ግን ይዘሻት ሂጂ፣ በዚሁ ሳምንት። ብቻዋን ታናግራቸው፤ አንቺ ውጭ ጠብቂ። ስለ መድኃኒት አወሳሰድ የሚሰጧትን ምክር ትጨርስና የቫይረሱ መጠን ምርመራ ይደገምላት። ሳጥኑን ራሷ ከፈለገችው ያኔ ይላካል።

«በደም ምርመራ ቫይረሱ አይታይም ተብያለሁ። ቅዳሜና እሁድ ባርፍስ?»

አይሆንም! የማይታየው ስለምትወስድ ነው። ስታቆም ይመለሳል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። የሚያስቸግርህ የቅዳሜ መጠጥ ከሆነ ለነርሷ ሳታፍር ንገራት። ጠጥተህ ብትገባም ኪኒንህን ሳትውጥ አትተኛ።