ወንድሜን ታቦት ፊት እናስምለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ወንድሜ መጠጥና ጫት መተው አቅቶታል። ሐኪም የስብዕና መታወክ አለበት ብሎናል። ሲመለስ ከሁላችን በላይ ይጾማል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሰግዳል። ከዚያ በአንዲት ቃል ተቀይሞ ይወጣና ለወራት ይጠፋል። እናታችን ጸበል ወስደን ታቦት ፊት እናስምለው ትላለች። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አታስምሉት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል፤ የሚመጣው ግን ልጁ ምሎ ካፈረሰ በኋላ ነው። አንድ ወጣት አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን በር አልገባም። ቅዳሴውን ከመንገዱ ማዶ፣ ከሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር የሚሰማው። «የሚካኤልን ስም ጠርቼ ከድቻለሁ፣ አሁን በምን ፊቴ?» አለኝ። ከመጠጡ ይልቅ ከቤቱ ያራቀው መሐላው ነው። ጌታ «ከቶ አትማሉ» ያለውን (ማቴ 5፥34) እንዴት እንዲህ እንረሳዋለን?

ለወንድምሽ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ መቆም ይቸግረዋል። ዛሬ የንስሐ አባቱ መልአክ ናቸው፣ ነገ ስልኩን ካላነሱለት ጠላት። ራሱንም የሚያየው እንደዚያው ነው፤ ወይ ቅዱስ፣ ወይ የማይረባ። ያ የሌሊት ስግደት ለእናንተ የመዳን ምልክት ይመስላችኋል፤ አንዳንዴ ግን ሌላ ምርቃና ነው፣ ሲለቀው ደግሞ ባዶነቱ ይመጣና ወደለመደው ቤት ይወስደዋል። እኔ ብሆን ስግደቱን አስቀንሰው ነበር። በቀን አሥራ ሁለት፣ ደስ ሲለውም ሲከፋውም ያችኑ።

ጸበሉን ይጠመቅ፣ ማን ይከለክለዋል! ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንዴ ሲያቆም በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሊንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ሊጥለውም ይችላል። ይሄኔ «ጮኸ፣ ሊለቅ ነው» ብለው ምግብና መድኃኒት የሚከለክሉ፣ በሰንሰለት የሚያስሩ አሉ። ሰው በዚህ ይሞታል፣ እህቴ። ሰይጣን አይፈትነውም አላልኩም፤ የሚፈትነው ግን ሥጋ የለበሰ ሰው ነው። ሲራክ 38፥4 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። የአእምሮ ሕመም ሲሆን ለምን ይለያል?

ይወድቃል ደግሞ። ጠብቁት። ጻድቅ እንኳ ሰባት ጊዜ ይወድቃል ይላል፣ ይነሣልም (ምሳ 24፥16)። በወደቀ ማግስት ቤት ውስጥ የሚነገረው ቃል ከባድ ነው። ለእናትሽ ይህን አንብቢላቸው፣ የእናት ሆድ ሆኖባቸው ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም። አንቺም ስትደውይለት «ጠጣህ?» ብለሽ አትጀምሪ። «ቁርስ በላህ?» በይው። ከዚያ እሑድ በር ላይ ጠብቂውና አብራችሁ ግቡ።