መልስ፦ ሥራ ሳልለቅ ክሊኒካል ምርምር መማር እችላለሁ ወይ?

ሰላም እህቴ። ስምንት ዓመት በነርስነት እንደሠራሽና ሥራሽን ሳትለቂ በክሊኒካል ምርምር (ሕክምናዎችን በሰዎች ላይ በሚያጠናው ዘርፍ) ማስተርስ መያዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። አዎ፣ ይቻላል። እንዳንቺ ሥራ ላይ ላሉ የጤና ባለሙያዎች ተብለው የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አሉ። በትርፍ ሰዓት ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ማስተርሱ ለጊዜው ከከበደሽ በጂሲፒ (በሰዎች ላይ የሚደረግ ጥናት በትክክል እንዴት እንደሚካሄድ የሚያዝ መመሪያ) ስልጠና ጀምሪ። በኦንላይን በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ዓለም አቀፉ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ2025 እንደገና ስለተሻሻለ፣ ኮርሱ አዲሱን የሚያስተምር መሆኑን አረጋግጪ።

ፕሮግራም ስትመርጪ እኔ ቀድሜ የማየው ስታቲስቲክሱን ነው። ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ አትሽሺው። ስንት ታካሚ ያስፈልጋል? በዕጣ እንዴት ይመደባሉ? የትኛው ውጤት ይለካል? እነዚህ ጥናቱ ሳይጀመር ካልተወሰኑ፣ ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ የሚያድነው ስሌት የለም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ተማሪው ሙሉ ፕሮቶኮል (የጥናቱን ዝርዝር እቅድ) ጽፎ ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ያቀርባል ወይስ ፈተና ብቻ ነው? ፈተና ብቻ ከሆነ ሌላ ፈልጊ።

የነርስነት ልምድሽን ደግሞ አታሳንሺ። ታካሚ ሳይገባው እሺ ብሎ ሲፈርም ቶሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ይህ ታካሚው በጥናት ለመሳተፍ ለሚሰጠው ስምምነት ትልቅ ነገር ነው፤ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ከመመዝገብሽ በፊት ግን አለቃሽን አነጋግሪና የጥናት ሰዓትሽን በጽሑፍ አስፈቅጂ። የመመረቂያ ጥናትሽንም ከራስሽ ክፍል ጥያቄ ብታወጪው ጥሩ ነው።