ይጠይቁን፦ ቲክቶክ ላይ ያገኘሁት ዶክተር ጡቴን ቢቀንስልኝስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። 26 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ነው ምሰራው። ጡቴ ከ8ኛ ክፍል ጀምሮ በጣም ትልቅ ነው፣ ወላሂ ተደብቄ ነው ያደግኩት፣ ጎንበስ ብዬ ከመሄዴ ብዛት አሁን ቀጥ ስል ጀርባዬን ያመኛል፣ ሲሞቅ ከስሩ ይላጣል፣ ሰኞ ገበያ ስሄድ ጎረምሶቹ ሚሉኝን ባልነግርሽ ይሻላል። ማስቀነስ እንደሚቻል ሰምቼ ቲክቶክ ላይ አንድ አዲስ አበባ ያለ ዶክተር አገኘሁ፣ በ1 ሰዓት ያልቃል በዛው ቀን ወደ ደሴ ትመለሻለሽ፣ ግማሹን በቴሌብር ላኪና ቀን ልያዝልሽ አለኝ። እማዬ አላህ የሰጠሽን እንዴት ታስቆርጪያለሽ ብላ አለቀሰች። ተደብቄ ልሂድ? ደሞ ነገ ስወልድ ማጥባት እችላለሁ? ዘ. ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ብሩን ግን እንዳትልኪ። ስቃይሽ የቅብጠት አይደለም፣ የጡት ማስያዣው ማንገቻ ትከሻ ላይ የሚያወጣውን ጉድጓድ ያየ ሰው እንዲህ አይልም፣ ጣት ያስገባል እኮ። ሐኪሞች ጡት ለመቀነስ ከሚያበቁ ምክንያቶች ውስጥ የሚቆጥሩት ይሄንኑ ነው፣ የጀርባና የአንገት ህመም፣ የትከሻው ጉድጓድ፣ የስሩ መላጥ።

እኛ ወሎዎች ጡትን የምናይበት ነገር ግን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ባለፈው እዛው ሰኞ ገበያ አንዲት በርበሬ የምትሸጥ እናት ልጇ ጡቷን ጎርሶ እያለ መልስ ስትቆጥርልኝ ነበር፣ ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ሙስሊሙ ጋ ወንድምና እህት ናቸው አይጋቡም፣ ክርስቲያኑም የጡት ልጅ ሲል ትልቅ ቃል ነው። ያው ጡት ግን ልጅ ያልያዘች ልጅ ላይ ሲሆን መንገድ ላይ መሳደቢያ ይሆናል፣ እሷም ነጠላዋን ደርባ ትደብቀዋለች፣ ሲያማትም ትደብቃለች። አገራችን ውስጥ ሴቶችን ከሚይዘው ካንሰር አንደኛው የጡት ካንሰር ሆኖ ሳለ እብጠቱን እያወቁ ለማንም ሳያሳዩ የሚቆዩ ብዙ ናቸው። እንዳንቺ ያለችዋን ደግሞ ያው እፍረት ማንም ሳያይ በቶሎ ላስጨርስ ያሰኛታል፣ ቶሎ እጨርስልሻለሁ የሚላት ደግሞ ብዙ ጊዜ መስራት የሌለበት ሰው ነው።

አብራኝ ያደገች ጓደኛዬ ላይ ነው ያየሁት። እንዳንቺው ተደብቃ አዲስ አበባ ሄዳ አንድ የውበት ሳሎን ጓሮ ውስጥ ተሰራች፣ በማግስቱ አውቶብስ ተሳፍራ መጣች። ዘጠኝ ቀን ትኩሳቱን ጉንፋን ነው እያለች ጋቢ ውስጥ ተኛች። እናቷ ጋቢውን የገለጠችው ሽታው ሲመጣ ነው፣ የሰራት ሰውዬ ስልኩን ዘግቷል። ተርፋለች አልሃምዱሊላህ፣ አንደኛው ጡቷ ግን እንደነበረ አልሆነም።

ስለዚህ ዶክተር ነኝ ማለቱ አይበቃም፣ የምን ዶክተር? ሜዲካል ስኩል ጨርሶ ከዛ በላይ ለዓመታት የፕላስቲክና ሪኮንስትራክቲቭ ሰርጀሪ (የሰውነትን ቅርጽ የሚያስተካክል ቀዶ ጥገና) ስፔሻሊቲ የተማረ መሆን አለበት። የሙያ ፈቃዱ ላይ ስፔሻሊቲውና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል፣ አሳየኝ በይው፣ ንጹህ ሰው አይቆጣም። ቦታው አዲስ አበባ ከሆነ የጤና ተቋማቱን የሚቆጣጠረው የከተማው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ ክሊኒኩ ቀዶ ጥገና ለመስራት ተፈቅዶለት እንደሆነ እዛ ጠይቂ። ማደንዘዣውን ማን ነው የሚሰጠኝ፣ ሌሊት ብደማ ማን ይመጣል፣ ስንት ሰው ሰርተሃል፣ ጠባሳውን በፎቶ አሳየኝ በይ። ይሄ ቀዶ ጥገና ባብዛኛው ሙሉ ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ከ2 እስከ 4 ሰዓትም ይወስዳል፣ ሰውዬው በ1 ሰዓት ያለሽ ነገር ለብቻው ይበቃሻል። ጠባሳም አለው፣ ብዙ ጊዜ ጫፉን ዞሮ ቀጥ ብሎ ይወርድና ከጡቱ ስር አግድም ይሄዳል፣ እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ አይጠፋም። የተቆረጠው ስጋ በሽታ እንዳለበት ለማየት ፓቶሎጂ፣ ማለትም ስጋው የሚመረመርበት ላብራቶሪ መላክ አለበት፣ እሱንም ጠይቂ።

ብር የለኝም ካልሽ መጀመሪያ እዚሁ ደሴ ሆስፒታል ሰርጅን ጋ ታይተሽ ሪፈር አጽፊ፣ አዲስ አበባ የካቲት 12ና አለርት ሆስፒታሎች የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል አላቸው። ወረፋ ይኖራል፣ ጠብቂ። ስትሰሪም በማግስቱ 400 ኪሎ ሜትር መኪና ላይ ተጨናንቆ መመለስ የለም፣ ዘመድ ጋ ተቀመጪና ቁስሉ ይታይ።

ማጥባቱን በተመለከተ እንደ አሰራሩ ነው። የጡቱ ጫፍ ከስሩ ሳይለይ ከተሰራ ብዙዎች ያጠባሉ፣ ወተቱ ግን ሊያንስ ይችላል። ጫፉ ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ተመልሶ ከተሰፋ ማጥባት የለም። እርግዝና ጡትን ስለሚቀይር በቅርብ ልታገቢና ልትወልጂ ካሰብሽ ሐኪሙ ቆይ ሊልሽ ይችላል።

እናትሽን ደግሞ እባክሽ አትደብቂያት። ቡና ስታፈሉ ትከሻሽን ገልጠሽ ጉድጓዱን አሳያት፣ ከስሩ የተላጠውንም አሳያት። እማዬ የምታውቀው ልብስሽን ነው፣ ቁስልሽን አላየችም። ከተሰራሽ በኋላም የምታነሳሽና የምታለብስሽ እሷ ነች፣ ክንድሽን ለተወሰነ ጊዜ እንደ ልብሽ ማንሳት አትችይም።

ጥያቄ፦ አራት ልጅ አጥብቼ ጡቴ ወርዷል፣ ሲሊኮን ላስገባ? የ38 ዓመት እናት ከኮምቦልቻ

መልስ፦ የኔ እመቤት፣ ሲሊኮን ይሞላል እንጂ የወረደውን በደንብ አያነሳም፣ ማንሳት ሌላ ኦፕሬሽን ነው፣ አንዳንዴ ሁለቱ አንድ ላይ ይሰራሉ። ሲሊኮን ደሞ ለዕድሜ ልክ አይደለም፣ ሊቀደድ ወይም ዙሪያው ሊጠነክር ይችላል፣ ያኔ ሌላ ኦፕሬሽንና ሌላ ብር ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሲሊኮን ያስገባችሁ በ5 ወይም 6 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ታዩ፣ ከዛ በየ2 ወይም 3 ዓመቱ ድገሙት ነው የሚለው፣ ለዚህ አቅም ይኖርሻል ወይ የሚለውን አስቢበት። ፈረንሳይ አገር ፒአይፒ የሚባል ፋብሪካ ለህክምና ያልተፈቀደ ርካሽ ሲሊኮን ሲሞላ ቆይቶ በ2010 እ.ኤ.አ. ተይዟል፣ ባለቤቱ በ2013 የ4 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ያኔ ሲሊኮን ያስገቡ ሴቶች ያስገቡት የማን ምርት እንደሆነ ማወቅ ነበረባቸው። ስለዚህ ከወሰንሽ የፋብሪካውን ስምና የመለያ ቁጥሩን የያዘ ካርድ ይሰጥሻል፣ ካርዱን ሳትይዢ ከክሊኒኩ እንዳትወጪ፣ ቤትሽም ከልጆችሽ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጪው።