መልስ፦ የሉፐስ መርፌ ሙከራ ውስጥ ብገባ ኪኒኔን አቆማለሁ?

በአብዛኛው አታቆሚም። «ማስመሰያው መርፌ ቢደርሰኝ ያለ መድኃኒት እቀራለሁ» ያልሽው ስጋት ይገባኛል፤ ግን በብዙዎቹ የሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም) ሙከራዎች አዲሱ መርፌም ሆነ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያው የሚሰጠው በነበረው ሕክምና ላይ ተደርቦ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የሉፐስ መድኃኒት ቤሊሙማብም የተፈተነው እንዲሁ ነበር። የሉፐስ ኪኒንሽን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን በራስሽ ውሳኔ እንዳታቋርጪ፤ ሲቋረጥ ሕመሙ የመነሳት ዕድሉ ይጨምራል።

ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ የሚባለው፣ የሰውነት መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ግን ሌላ ነው። በሙከራው መሃል መጠኑን እንድትቀንሺ ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ፦

1. ስቴሮይዱ መቼና በምን ያህል ይቀነሳል?
2. ሕመሙ ቢነሳብኝ ምን ይሰጠኛል? ከሙከራው እወጣለሁ?
3. ሙከራው ሲያልቅ መርፌውን ማግኘት እቀጥላለሁ?

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኔ ሙከራ ላይ ሳለሁ እግሬ ሲያብጥ «ድካም ነው» ብዬ እስከ ቀጠሮዬ ዝም አልኩ። ሲመረመር ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፤ ይህ ኩላሊት ለመነካቱ ምልክት ነው። ሉፐስ ኩላሊት ሲነካ ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። እግርሽ ካበጠ፣ ሽንትሽ አረፋ ከበዛበት ወይም ትኩሳት ከያዘሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ለሙከራው ሐኪም ደውዪ።